1,331 ዶላር በነጭ ሰሌዳ ላይ፦ የአምስት ደቂቃ የጉዳይ ጥናት

መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020) በዋሽንግተን፣ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የቁጥጥርና ማሻሻያ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ፣ አንዲት የምክር ቤት አባል ለአንድ ከፍተኛ የጤና ባለሥልጣን ቀላል ጥያቄ አቀረቡላቸው። የጤና መድን የሌለው ሰው ሙሉ የደም ቆጠራ ለመመርመር ከኪሱ ስንት ያወጣል? ባለሥልጣኑ አላወቁትም። በግምትስ? ግምትም አልነበራቸውም። አባሏ መልሱን ራሳቸው ሰጡና በነጭ ሰሌዳቸው ላይ አሰፈሩት፦ 36 ዶላር።

ከዚህች ቁጥር ተነሥቶ የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ዳይሬክተር በሕዝብ ፊት «አዎ» እስኪሉ ድረስ ያለፈው ጊዜ ወደ አምስት ደቂቃ ነው።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የጠራው ከአንድ ቀን በፊት ነው። በማግስቱ መጋቢት 4 ደግሞ በአገራችን በቫይረሱ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ተነገረ። ሁላችንም ጆሯችንን ለዜና አቁመን የሰነበትንበት ሳምንት ነበር። በዚያ ሳምንት ከተነገረው ብዙ ንግግር ውስጥ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ይህችን አምስት ደቂቃ ነው።

የምተዳደረው ሰዎች በሰው ፊት ቆመው እንዲያስረዱ በማሠልጠን ነው። ከሠልጣኞቼ መካከል የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ ሹሞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራን ይበዛሉ። አብዛኞቹ ፕሮጀክተር በሌለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ነው የሚሠሩት፤ ያላቸው ሰሌዳ ነው። ስለ ሰሌዳ አጠቃቀም በማስተምርበት ቀን ይህንን ቪዲዮ ሳላሳይ አልቀርም። አንድ ጊዜ በሙሉ እናየዋለን፤ ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን አጥፍተን፤ ሦስተኛ ጊዜ እያቆምን። ከዚህ በታች ያለው በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ስንነጋገርበት የኖርነው ነው።

ሰሌዳው ከመውጣቱ በፊት

ጠያቂዋ ኬቲ ፖርተር ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከካሊፎርኒያ ተመርጠው ምክር ቤት ከመግባታቸው በፊት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅርንጫፍ የሕግ መምህርት ነበሩ፤ የኪሳራ ሕግን ያስተምሩ ነበር። ሒሳብን በሰሌዳ ማስረዳት ለእሳቸው ከክፍል ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከመድረሳቸው ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሰዓት 16 ዶላር ከ50 ሳንቲም የምታገኝ የአንዲት የባንክ ገንዘብ ያዥን ወርኃዊ ወጪ በባንኩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፊት አንድ በአንድ ቀንሰው፣ በወሩ መጨረሻ 567 ዶላር እንደሚጎድላት አሳይተዋል። እንዴት ትሙላው ተብለው የተጠየቁት ሥራ አስፈጻሚ ሊያስቡበት እንደሚገባ ከመናገር ያለፈ መልስ አልነበራቸውም።

የኮሚቴው ሥርዓት ለእያንዳንዱ አባል አምስት ደቂቃ ይሰጣል። ሰዓቱ ለጠያቂም ለመላሽም አንድ ነው። ብልኅ ባለሥልጣን ይህንን ያውቃል፤ በትሕትና ያመሰግናል፣ ስለ ጥያቄው አስፈላጊነት ይናገራል፣ መሥሪያ ቤቱ ስላደረገው ጥረት ያብራራል፤ ደቂቃዎቹም ያልቃሉ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰውን ከአንድ ነጥብ ላይ እንዳይንሸራተት አድርጎ ለማቆየት ቃል ብቻ አይበቃም፤ ቃል ይተናል። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ራሱ ግልጽ ነበር። መድን የሌለው ሰው የኮሮና ምርመራውን ክፍያ ፈርቶ ቤቱ ከተቀመጠ በሽታው አይቀመጥም። ይህ አሜሪካ ለሚኖረው ወገናችን የሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ከሚነዱት ዘመዶቻችን ጋር ስለ ድንገተኛ ክፍል ያወጋ ሰው፣ ሕመም ሲሰማቸው አስቀድሞ የሚመጣባቸው ከሳምንታት በኋላ በፖስታ የሚደርሰው ቢል እንደሆነ ያውቃል።

ፖርተር በዚያች አምስት ደቂቃ ሦስት ነገር ማሳየት ነበረባቸው። አንደኛ፣ ምርመራው ስንት እንደሚያስወጣ። ሁለተኛ፣ ተራው ሰው ይህንን ገንዘብ እንደሌለው። ሦስተኛ፣ ፊታቸው የተቀመጡት ሰው ክፍያውን የማንሣት ሥልጣን በእጃቸው እንዳለ። እነሆ የመጀመሪያው ትምህርት፦ ከሦስቱ ሰሌዳ የተሰጠው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛውን በቃል ተናገሩት፤ ሦስተኛውን ከሕግ ጠቀሱት። ሰሌዳው የተጠበቀው ሰሚው በአእምሮው ሊደምረው ለማይችለው፣ እስከ መጨረሻውም ከዓይኑ ሊጠፋ ለማይገባው ነገር ነው።

እኔ ብሆን ኖሮ ሦስቱንም በሦስት ቀለም እጽፍ ነበር። ለብዙ ዓመታት የሠራሁትም እንደዚያ ነው።

አምስቱ ቁጥሮች

በኮሮና የተጠረጠረ መድን የሌለው ሰው ይጠየቃል ተብሎ ሰሌዳው ላይ ያረፈው ሒሳብ በዶላር ይህ ነው፦

ሙሉ የደም ቆጠራ፦ 36
የሜታቦሊክ (የደም ኬሚካሎች) ምርመራ፦ 58
ኢንፍሉዌንዛ ኤ፦ 43
ኢንፍሉዌንዛ ቢ፦ 43
ድንገተኛ ክፍል፦ 1,151
ድምር፦ 1,331

ቁጥሮቹን እንደዚህ ተሰልፈው ላያቸው ሰው የቤት ወጪ ዝርዝር ይመስላሉ። ጉልበታቸው ያለው በተጻፉበት መንገድ ነው።

ፖርተር አንዱንም ቁጥር ሳይጠይቁ አልጻፉም። ተጠያቂው የጤና ሚኒስቴሩ የድንገተኛ ዝግጁነት ኃላፊ የነበሩት ዶ/ር ሮበርት ካድሌክ ናቸው። የመጀመሪያውን አላውቅም አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን መገመት ጀመሩ። እሳቸው ሲገምቱ ክፍሉ ውስጥ ያለውም፣ በቴሌቪዥን የሚያየውም፣ ከአራት ዓመት በኋላ በእኔ ሥልጠና ላይ የተቀመጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አብረው ይገምታሉ። ይህንን በክፍሌ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቪዲዮውን ከጥያቄው በኋላ ሳቆመው አንዱ «ሃምሳ» ይላል፣ ሌላዋ «መቶ ይሆናል» ትላለች። ግምት የሰጠ ሰው መልሱን ሳያይ ዓይኑን ከሰሌዳው አያነሣም። ቁጥሩ ሲጻፍ ከእሱ ግምት ጋር ይገናኛል፤ ያኔ ቁጥሩ የተናጋሪው ብቻ መሆኑ ቀርቶ የእሱም ይሆናል።

ቅደም ተከተሉንም ተመልከቱ። 36፣ 58፣ 43፣ 43፤ አራቱ ተደምረው 180 ዶላር ናቸው። እስከዚህ ድረስ ሰሚው «ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል» ሊል ይችላል። አምስተኛው ሲመጣ ያ ሐሳብ ይፈርሳል። ከጠቅላላው 1,331 ዶላር ውስጥ 1,151 ዶላሩ የድንገተኛ ክፍል ነው። ትልቁ ቁጥር መጀመሪያ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ከእሱ በኋላ የሚመጡት ትንንሾች ሁሉ ፍርፋሪ በሆኑ፣ ሰሚውም ባልቆጠራቸው። መጨረሻ ላይ ሲመጣ ግን የቀሩትን አራቱን ይዞ ይወጣል።

ቁጥሮቹ ወደ ድፍን ቁጥር አልተጠጋጉም። «ወደ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ገደማ» ቢባል ለመያዝ ይቀል ነበር፤ ለመከራከርም ይቀል ነበር። በመጨረሻው ላይ ያለችው አንዲቷ ዶላር ይህ ሒሳብ በደረሰኝ ላይ እንደሚመጣ ሒሳብ መሆኑን ትናገራለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ከተቀመጠበት ደምሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። በክፍሌ ሁልጊዜ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይደምራል። ትክክል ሲሆን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚነበበው ነገር ለእኔ የዚህ ጉዳይ ልብ ነው፤ የሰሌዳ ማስረጃ የሚባለው ሰሚው ራሱ የፈተሸው ነው።

ከዚያም ፖርተር ሌሎች አኃዞች ጠቀሱ። ከአሜሪካውያን 40 በመቶው ድንገተኛ የ400 ዶላር ወጪ መሸፈን እንደማይችሉ፣ 33 በመቶው ባለፈው ዓመት ሕክምናቸውን እንዳዘገዩ ተናገሩ። እነዚህን በቃል አለፏቸው። ሰሌዳው ላይ 1,331 ቆሟል፤ ጆሮ 400 ይሰማል፤ ልዩነቱን ማንም ሳይነግረው ሰው ያየዋል። አንዱን ቁጥር በዓይን፣ ሌላውን በጆሮ ማገናኘት እጅግ ብልኅ አሠራር ነው። ሁለቱም ሰሌዳ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ዓይን የትኛው ላይ እንደሚያርፍ በተቸገረ ነበር።

ስለ እጅ ፍጥነት

ድምፁን አጥፍተን ስናይ ሠልጣኞቼ በጣም የሚገርማቸው ጊዜው ነው። ቁጥር መጻፍ ጊዜ ይወስዳል። በዚያች አጭር ዕረፍት ውስጥ ሌላ ነገር አይመጣም፤ ሰው ቁጥሩ ሲወለድ ያያል። የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር የነበሩት ፓትሪክ ዊንስተን ለብዙ ዓመታት በሰጡት የንግግር ትምህርት ሰሌዳን ከስላይድ ያስበለጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እጅ የሚጽፍበት ፍጥነት ሰው ሐሳብ ከሚቀበልበት ፍጥነት ጋር ይቀራረባል።

ይህንን ለማስረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1997 ዓ.ም. ግድም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ማንም አያቆመውም፤ ተማሪው አልገባኝም ቢል የሚሰማው የለም። ቀመሩ ተጽፎ፣ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ጠመኔ ይዞ የሚጠብቀው የተረፉትን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ትውልድ የወጡ ሠልጣኞች አሉኝ። «ስዕሉ ግሩም ነበር፤ እኛ ግን አልደረስንበትም» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከሰሌዳው ዞር ማለት

ብዙ ሰው ሰሌዳ ላይ ጥሩ ነገር ከጻፈ በኋላ የሚያበላሸው ሰሌዳውን ማብራራት ሲጀምር ነው። ይጠቁማል፣ ያሰምራል፣ ይከብባል፣ የተጻፈውን ያነብባል። ፖርተር ድምሩን ከተናገሩ በኋላ ሰሌዳውን ለራሱ ተዉት። ፊታቸውን ወደ ሲዲሲው ዳይሬክተር ወደ ዶ/ር ሮበርት ሬድፊልድ መለሱ። ጥያቄው አሁን ስለ ቁጥር አልነበረም። ማን ቫይረሱ እንዳለበት ማን እንደሌለበት ማወቅ ይፈልጋሉ? አዎ። ሀብታሞችን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም? መላ አሜሪካን፣ አሉ ሬድፊልድ።

ከዚያ የሕጉ አንቀጽ መጣ። በፌዴራል ደንቦች ስብስብ ክፍል 42 ቁጥር 71.30 የሲዲሲ ዳይሬክተር በሕክምና ምርመራና በለይቶ ማቆያ ሥር ላሉ ሰዎች የሕክምና ክፍያ እንዲፈጸም ሊፈቅድ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህንን ሥልጣን አሁኑኑ ተጠቅመው ምርመራውን መድን ላለውም ለሌለውም በነጻ ያደርጉታል ወይ ብለው ጠየቁ። ሬድፊልድ ሁሉም ሰው የሚያስፈልገውን እንክብካቤ እንዲያገኝ የተቻለውን ሁሉ እናደርጋለን አሉ። አይበቃም፣ ጊዜዬን እመልሳለሁ አሉ ፖርተር፤ በምክር ቤቱ ይህ የመላሹን ንግግር አቋርጦ የራስን ደቂቃ መልሶ መውሰጃ ቃል ነው። ዳይሬክተሩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በዝርዝር እናየዋለን አሉ። አሁንም ጊዜዬን እመልሳለሁ። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከሳምንት በፊት ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሰው ደብዳቤ እንደጻፉላቸውና መልሱ የሚጠበቀው ትናንት እንደነበር አስታወሱ። ዳይሬክተሩ በተግባር እንዴት እንደሚውል እየሠራንበት ነው አሉ። የአከፋፈሉን ነገር ነገ ይሥሩበት፣ ሕዝቡ መጥቶ እንዲመረመር ቃሉን ዛሬ ይስጡ የሚል መልስ ተሰጣቸው። በመጨረሻ ዶ/ር ሬድፊልድ እጅግ ጥሩ ጠያቂ ነዎት፣ ስለዚህ መልሴ አዎ ነው አሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር አልተጨመረም። ሥራውን ግን ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ «እናየዋለን» የሚመዘነው በአንዲት ቁጥር ነው። በቃል ብቻ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሦስተኛው የማምለጫ መልስ ላይ ሲደረስ 1,331 ከሰው አእምሮ ወጥቶ ነበር።

ሠልጣኞቼ «ቁጣዋ ነው ያሸነፈው» የሚሉበት ጊዜ አለ። አልስማማም። ቁጣ ብቻውን ከሆነ ባለሥልጣኑ በጨዋነት ያበርደዋል። ሰሌዳ ብቻውን ከሆነም «ስላቀረቡልን መረጃ እናመሰግናለን» ተብሎ ይታለፋል። ወ/ሮ ፖርተር የሕጉን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል፤ ደብዳቤው አስቀድሞ ተልኳል፤ ጥያቄው አዎ ወይም አይ ከማለት ውጭ መውጫ የለውም። ሰሌዳው የተተከለው በዚህ ሁሉ ዝግጅት መካከል ነው።

ሰሌዳው ያላሳየው

ይህንን ጉዳይ ሳስተምር እዚህ ጋ እቆማለሁ፤ ምክንያቱም ሰሌዳ ኃይለኛ ስለሆነ ያልተጻፈበትን ነገር ያስረሳል። በዚያ ሳምንት የአሜሪካ ችግር የምርመራው ዋጋ ብቻ አልነበረም። ምርመራው ራሱ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ ወር ለአሜሪካ ግዛቶች ቤተ ሙከራዎች የላከው የመመርመሪያ ኪት እንከን ተገኝቶበት ብዙ ቀን ባክኗል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ስብሰባ፣ ዶ/ር አንቶኒ ፋውቺ ሥርዓቱ አሁን ለሚያስፈልገው ነገር የተዘጋጀ እንዳልሆነና ይህም ድክመት መሆኑን በግልጽ አምነዋል። ለነጻ ምርመራ የተነሣሣ ሰው ሄዶ ምርመራ የለም ሊባል ይችል ነበር። ስድስት መስመር ያለው ሰሌዳ ይህንን አይናገርም።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 18፣ የምርመራውን ወጪ ከተመርማሪው ላይ ለማንሣት የታለሙ ድንጋጌዎችን የያዘ ሕግ ተፈረመ። ረቂቁ ምክር ቤት የቀረበው ከዚህ ስብሰባ በፊት ስለነበር ሕጉን ሰሌዳው ወለደው ማለት ስሕተት ነው። ሰሌዳው ያደረገው አንድ ባለሥልጣን ሳምንት ሙሉ በደብዳቤ ያልሰጡትን ቃል በሕዝብ ፊት እንዲሰጡ ማድረግ ነው። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ እኛ ሰሌዳ ሲመጣ

የፖርተርን አሠራር እንዳለ ወስጄ ለሠልጣኞቼ ማስተማር ስጀምር አንድ እንቅፋት ገጠመኝ። እዚህ አገር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ይገለበጣል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያደግነው እንደዚያ ነው፤ መምህሩ ጻፈ ማለት ደብተር ይከፈታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሰላሳ ያህል ሠራተኞች ገለጻ ስሰጥ፣ ሰዓት ለመቆጠብ ብዬ ሰሌዳውን ሰዎቹ ሳይገቡ ሞልቼ ጠበቅኋቸው። ገብተው ተቀመጡ፣ እስክሪብቶ አወጡ፣ አቀርቅረው መገልበጥ ጀመሩ። እኔ እናገራለሁ፤ ሰላሳ አናት ነው የማየው። አንድ ጥያቄ ሳቀርብ ከኋላ አንድ ትልቅ ሰው በትሕትና «መምህር፣ ትንሽ ይታገሡን፣ ገና አልጨረስንም» አሉኝ። ያን ቀን ማንም ምንም አልሰማኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስጀምር «እስክሪብቶ እናስቀምጥ፤ የተጻፈውን መጨረሻ ላይ በወረቀት እሰጣችኋለሁ» እላለሁ። ቀላል ነገር ነው፤ የክፍሉን ፊት ግን ይመልሳል።

ሌላው የፊደላችን ነገር ነው። የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚይዘው በትንሽ ጭረትና በቀለበት ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ በወረቀት ላይ ግልጽ ናቸው፤ አፉ በደነዘዘ ማርከር፣ በጥድፊያ፣ ሰሌዳ ላይ ሲጻፉ ግን ሊ እና ሌ ከኋላ ወንበር አንድ ይሆናሉ። የሌ ቀለበት በቀለም ይሞላና ጭረት ይመስላል። ስለዚህ ሠልጣኞቼ ቢያንስ የአራት ጣት ቁመት ባለው ፊደል እንዲጽፉና ከኋላ ግድግዳ ሄደው የራሳቸውን ጽሑፍ እንዲያነብቡ አደርጋለሁ። በዚህ መጠን ሲጻፍ ሰሌዳው ላይ ብዙ ቃል አይገባም፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ የመጣው ሰው ሁለት ቃልና አንድ ቁጥር ይዞ ይቀራል። ቀለምን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ፤ ቀይና አረንጓዴ ከሩቅ ይደበዝዛሉ።

ከሠልጣኞቼ አንዱ የአንድ የገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሹም ነው። ማኅበሩ የእህል ወፍጮ ሊተክል አስቦ፣ አባላቱ ወጪውን ሳያውቁ ይከፋፈላል ስለሚባለው ትርፍ ብቻ እያወሩ ተቸግሮ ነበር። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ። ሰሌዳውን ከትምህርት ቤቱ ተውሶ ከዋርካው ግንድ ጋር አስደግፎታል። ሰሌዳው ባዶ ነው።

«የወፍጮው ሠራተኛ በወር ስንት ይበቃዋል ትላላችሁ?» ብሎ ጀመረ። ሦስት ሺህ የሚል አለ፣ አምስት ሺህ የሚል አለ። ተከራከሩና አራት ሺህ ላይ ቆሙ፤ ጻፈው። የጥበቃ 2,500። የመብራት 3,200። የቺንጋና የግራሶ 600። እያንዳንዱን ጠይቆ፣ ጠብቆ፣ ጻፈ። አሰመረና ደመረ፦ 10,300። አንድ አፍታ ዝም አለ። ሰዉም ዝም አለ፤ አንዳንዱ በጣቱ ይቆጥራል።

ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ድንጋዩን ማን ይወቅረዋል?» አሉት።

ሒሳብ ሹሙ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ተመለከተ። የወፍጮ ድንጋይ ሲደንዝ መወቀር አለበት፤ ለዚያም ባለሙያ ይጠራል፣ ይከፈላል። ከእሱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከእኔም ጋር ስንዘጋጅ አላሰብነውም።

«እማማ፣ እውነትዎን ነው። በወር ስንት ይደርሳል?»

«ብዙ ከፈጨ ስምንት መቶ አያንስም።»

አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋገጡ። ሒሳብ ሹሙ 10,300ን በመዳፉ አብሶ አጠፋው፤ በቦታው «ውቀራ 800» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ አዲስ መስመር አሰመረ፤ ከላይ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ደመረ። ሲደምር ሰዉ አብሮት ይደምር ነበር። 11,100 ሲጽፍ መዳፉ በማርከር ቀለም ጠቁሮ ነበር። እማማ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አሁን ስለ ገቢው ንገረን» አሉት።